ሀይቅና አርድቦ፡ አሳ ለመብላት ሳይሆን ወፍ ለማየት ሄደን

ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ ግን ሀይቅ (ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው፣ ስሙም ሀይቅ የሆነው) ማለት ለኔ አሳ በልቶ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና አንድ የስራ ጓደኛዬ ሆነን ለወፍ ብለን ወረድን (አዎ ለወፍ፣ ሳቁ)። ያየነውን ልፃፍላችሁ፣ የሚሄድ ሰው እንዳይሸወድ።

መጀመሪያ ሰአቱ። አብዛኛው ሰው 5 ሰአት ላይ ነው የሚደርሰው፣ በዛ ሰአት ፀሀዩ ይከራል ወፉም የለም ሙዚቃው ብቻ ነው ያለው። እኛ 12 ሰአት ሳይሞላ መናኸሪያ ነበርን፣ መንገዱ 30 ኪሎሜትር ገደማ ቢሆን ነው ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ግማሽ ሰአት በላን። ቦሩ ሜዳ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፣ ጋቢ ይዛችሁ ውጡ፣ ከዛ ሀይቅ ስትደርሱ ከደሴ ዝቅ ስለሚል ጋቢው ሸክም ይሆንባችኋል ምን ታረጉታላችሁ።

ጀልባን በተመለከተ። ዳር ላይ ሞተር ጀልባም አለ በመቅዘፊያ የሚሄድም አለ። ሞተሩን ተዉት። መጀመሪያ የተሳፈርነው በሱ ነው፣ ዋጋ ሳንነጋገር ገባን (ጥፋቱ የኛ ነው እሺ) ስንወርድ የጠየቁን ግን ከጠበቅነው እጥፍ ነው፣ ላይፍ ጃኬት የለም፣ ስፒከሩ እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ወፉ ገና 100 ሜትር ሲቀረን ብድግ ብሎ ይሄዳል። ይሄ ሀይቅ እኮ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ ያለ ጃኬት ሰው ጭኖ መደነስ ምን የሚሉት ነው? ባለቤቱን ስንጠይቀው "እስካሁን ምንም አልሆነም" አለን በቃ።

ተናደን ወረድንና በመቅዘፊያ የሚሄድ አንድ ልጅ አገኘን። እሱ ዋጋውን ቀድሞ ነገረን፣ ከዛ "ዝም ካላችሁ ፊላው ድረስ አስጠጋችኋለሁ" አለ። እውነቱን ነው። ፊላና ደንገሉ መሀል ይብራው ከነጫጩቶቹ ይንሳፈፋል፣ ሰውነቷ ጥቁር ግንባሯ ነጭ የሆነችዋ የውሃ ወፍ ደግሞ በሽበሽ ናት። በጣም የገረመኝ ግን ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽዬ አሳ አዳኝ ናት፣ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግብና ድንጋይ እንደተወረወረ ቁልቁል ውሃው ውስጥ ጥልቅ ትላለች፣ ሶስቴ ስታ በአራተኛው ያዘች፣ ወንድሜ አጨበጨበና ሌላውን ሁሉ አባረረብን። ጠዋት ጠዋት ደሴም ጣራችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ረጅም ምንቃራም ወፍ፣ አንገቱ ስር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ እሱም አለ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የትም አይገኝም፣ እኛ ግን እንቅልፍ ነሳን እያልን ነው ያደግነው።

ገዳሙ (ሀይቅ እስጢፋኖስ) ሴት አያስገባም፣ ስለዚህ ወንድሜ ሲገባ እኛ ውጪ ዛፍ ጥላ ስር ጠበቅነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሰረቱት፣ አቡነ ተክለሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው፣ ሙዚየሙን አይቶ ሲወጣ ለግማሽ ሰአት ዝም ብሎ ነበር፣ እሱ ዝም ሲል ብርቅ ነው። የገዳሙ ዙሪያ ዛፍ ስላልተቆረጠ ለወፍ ከሁሉም የተሻለው ቦታም እሱ ነው፣ ውጪ ቁጭ ብለን ራሱ አንገታችን እስኪያመን አንጋጠን አየን።

ምሳ ሀይቅ ዳር በላን። አሳ ጥብሱ ትኩስ ነው፣ አዋዜው ደግሞ እሳት። ቆሮሶ የሚባለው አሳ እኮ ከጥንት የነበረ አይደለም፣ በ1970 አካባቢ አምጥተው የለቀቁት ነው፣ አሁን ሀይቅ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ሆነ። መፀዳጃ ቤቱን አልፅፍም፣ ምሳችሁን እየበላችሁ ታነቡት ይሆናል።

ከሰአት አርድቦ ወጣን፣ ለኔ የጉዞው ዋናው ይሄ ነው። ከሀይቅ ከፍ ብሎ ተራራ መሀል የተቀመጠ ሀይቅ ነው፣ ውሃው በአንካርካ ወንዝ በኩል ነው ወደ ታች ወደ ሀይቅ የሚወርደው፣ ገበሬው መሀል ላይ ለመስኖ ይጠልፈዋል። ባጃጅ ኮንትራት ያዝን፣ መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነው፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ያስብበት። እዛ ካፌ የለም፣ ስፒከር የለም፣ ውሃና ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ። ዳሩ ረግረግ ስለሆነ ቦት ጫማ ካላችሁ አድርጉ፣ የጓደኛዬ ስኒከር እዛው ጭቃ ውስጥ ሊቀር ነበር።

ሳሩ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት አገኘን። "ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጆቼ?" አሉን። "ወፍ ልናይ ነው አባባ" ስላቸው ቆይተው ሳቁ፣ "እኛ ከማሽላው ላይ ስናባርር እንውላለን እናንተ ገንዘብ ከፍላችሁ ትመጣላችሁ?" አሉ። ከዛ ግን እሳቸው ናቸው በዱላቸው እየጠቆሙ የቱ ጋ እንደሚያድር፣ ከባህር ማዶ የሚመጣው ደግሞ ከህዳር በኋላ እንደሚበዛ ያሳዩን። ገንዘብ ብንሰጣቸው እምቢ አሉ፣ ዳቦውን ግን ተቀበሉን።

ለሞተር ጀልባው ከ5 አንድ፣ ለቀዛፊው ልጅ አምስት፣ ለአሳው አራት። አርድቦን በምን ልለካው። ህዳር ላይ እንደገና እሄዳለሁ፣ ደሴ ውስጥ ባይኖኩላር የሚያከራይ ወይም የሚያውስ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያውራኝ፣ በስልክ ካሜራ ዙም እያረግኩ ያነሳሁት ሁሉ ጥቁር ነጥብ ነው።