ጠባሳዬን አይታ የያዘችኝ ሲስተር

ይህን የምጽፈው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የልብ ክትትል ላይ ለምትሠራ አንዲት ነርስ ነው። ስሟን አልጠራም። “ስሜን ከጻፍሽ ተኳርፈናል” ብላኛለች። ከእሷ ጋር መኳረፍ ደግሞ ለልቤ አይበጅም።

ስወለድ ጀምሮ ልቤ ጤነኛ አልነበረም። ፋሎት የሚሉት ነው፤ ልብ ውስጥ ክፍተት አለ፣ ወደ ሳንባ የሚወስደው የደም መንገድም ጠባብ ነው። ልጅ ሳለሁ ስሮጥ ከንፈሬ ይጠቁራል። ቁጢጥ ብዬ ትንፋሼን እስክሰበስብ ጓደኞቼ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በ2003 ዓ.ም፣ በ9 ዓመቴ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው፣ ዶ/ር በላይ አበጋዝ ብዙ በደከሙለት የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ክፍተቱን ደፈኑት፣ ጠባቡን አሰፉት። ከንፈሬ ቀላ። እማዬ በግ አረደች። በቤታችን ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቀጠሮ ሄድን። ከዚያ ግን አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሳፈሪያው አለ፣ ማደሪያው አለ። እኔ ደግሞ ምንም አላመመኝም። ተውነው። ማንንም አልወቅስም፣ የጠፋሁት እኔው ነኝ።

አምና እማዬን ለደም ግፊቷ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ደረጃውን ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ሳለከልክ ሲስተር በአጠገቤ አለፈች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። ሻሼ ተንሸራቶ ነበር።

“አንቺ፣ የማን ክትትል ላይ ነሽ?”

“የማንም። እናቴን ይዤ ነው የመጣሁት።”

“ይሄስ?” በጣቷ ወደ ጠባሳዬ ጫፍ ጠቆመች።

“እሱማ የድሮ ነው። ድኛለሁ።”

“ተሠርተሻል እንጂ መች ድነሻል!”

እውነቱን ልናገርና ተናደድኩ። ግን ከዓመት በላይ ሆኖኛል ቶሎ ቶሎ ሲደክመኝ። አንዳንድ ማታ ልቤ በድንገት ይጋልብና መልሶ ይረጋጋል። ከዚያ በፊት የሄድኩበት አንድ ክሊኒክ የደም ማነስ ነው ብሎ ኪኒን ሰጥቶኝ ነበር። ስለ ጠባሳው የጠየቀኝ የለም።

በዚያው ቀን ካርድ አስወጣችልኝ። የልብ ምት የሚመዘግበውን ኢሲጂ ተነሳሁ፣ ልብን በድምፅ ሞገድ ለሚያሳየው ለኢኮ ተቀጠርኩ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግረኝ ግማሹ አልገባኝም። በኋላ ወንበር ስባ ያስረዳችኝ እሷ ናት። “በሩ ጠቦ ነበር፣ አሰፉልሽ። ሲሰፋ ደግሞ መዝጊያው፣ ቫልቭ የሚሉት፣ አልገጥም አለ። ስለዚህ ወደ ሳንባ ከሄደው ደም የተወሰነው ይመለሳል። ቀኙ የልብሽ ክፍል ይህን ሁሉ ዓመት እጥፍ ሲሠራ ከርሞ ሰፋ።” የሠሩኝ ሐኪሞች ጥፋት እንዳልሆነም ነገረችኝ። ፋሎት ተሠርተው ያደጉ ብዙ ሰዎች ላይ የሚመጣ ነው። ከጊዜ በኋላ ቫልቭ የሚቀየርላቸው አሉ፤ ልቡ ከመጠን በላይ ከመስፋቱ በፊት ነው መደረስ ያለበት። አስቸጋሪው ነገር፣ ለዓመታት ሳያምም መክረሙ ነው። ምንም ሳይሰማ ኢኮ መታየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ጥርሴን ልነቀል ነው ስላት ደግሞ “ልብሽ የተሠራ መሆኑን ለጥርስ ሐኪሙ ሳትነግሪው አፍሽን እንዳትከፍቺለት” አለችኝ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ወይም ልቡ በኢንፌክሽን ተይዞ የሚያውቅ ሰው፣ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ አንቲባዮቲክ ይወስዳል። እኔ ለጊዜው አያስፈልገኝም፤ ቫልቭ ከተቀየረልኝ ግን ግድ ነው። ጅማ ላይ ተቀምጦ ጫት ተው ማለት ድፍረት ይጠይቃል። እሷ አላት። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ “ምቱ ለሚዛባ ልብ ጫት ቤንዚን ነው” አለችው። ልጁ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እጮኛ እንዳለኝ ያወቀችው ቀለበቴን አይታ ነው። እማዬን “እናቴ፣ እስኪ ውጪ አየር ይቀበሉ” ብላ ሸኘቻትና ቀስ ብላ አወራችኝ። ማግባት እችላለሁ። ግን ከማርገዜ በፊት ልቤ እርግዝናውን ይችል እንደሆነ መታየት አለበት፣ መድኃኒቶቼም መፈተሽ አለባቸው። በክትትል በሰላም የሚወልዱ ብዙ ናቸው። ይህን ለአማቴ እንዴት እንደምናገር ሳይቀር አለማመደችኝ።

የድሮ ወረቀቴን እማዬ ከክትባት ካርዴ ጋር ሳጥን ውስጥ ቀብራው ኖሯል፤ እጥፋቱ ላይ ተበጥሷል። ሲስተር ከእሱ ላይ እየለቀመች አንድ ገጽ ጻፈችልኝ፦ መቼ እንደተሠራሁ፣ ምን እንደተሠራ፣ የመጨረሻው ኢኮ፣ መድኃኒቴ። ሐኪሙ ፈረመበት፣ እኔ ላሚኔት አስደረግኩት። ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ ስላክ ያችን ገጽ አቀበልኳቸው፤ ታሪኬን ከሀ ጀምሬ ማውራት ቀረልኝ።

የራሷ ደብተርም አላት። በቀጠሮው ላልመጣ ሰው ትደውላለች፣ በገዛ ስልኳ። አንዴ መሀል ላይ ሒሳቧ አልቆ ሲቋረጥባት አይቻለሁ።

ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ችግር ይዞ ነው የሚወለደው። ስለዚህ ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ በደሌ ውስጥ እንደኔ “ድኛለሁ” የሚል ሰው አይጠፋም። በልጅነታችሁ ልባችሁን የተሠራችሁ፣ ወይም “ቀዳዳ አለው፣ ስታድጊ ይታያል” ተብላችሁ የቀራችሁ፣ ሂዱና የልብ ክትትልን ጠይቁ። የድሮ ወረቀት ካላችሁ ያዙ። ከሌላችሁም ሂዱ፣ የኔን ያነበበችው ከደረቴ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴን ጎረቤት ከአጋሮ ይዤላት ሄድኩ። 27 ዓመቱ ነው፣ በ6 ዓመቱ የተሠራ፣ ከዚያ ወዲህ ሐኪም ያላየው። በሩ ላይ “እኔ እኮ ምንም አላመመኝም” አላት። እሷ ደብተሯን ገለጠችና “ስልክህን ንገረኝ” አለችው።