ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚል ባዶ ሽቦ እንዳትገዙ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። የምስል መውጫው ቪጂኤ ብቻ፤ ያ ሰማያዊው፣ በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳ ያለው። ቲቪው የሚቀበለው ደግሞ ኤችዲኤምአይ ነው። ይህንኑ ለሻጩ ነገርኩት። የነሱን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ተናግሬ ሳልጨርስ "አለ፣ ኦሪጅናል!" ብሎ በአንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነ ኬብል አወጣ። "እንዲሁ በቀጥታ ይሰራል?" አልኩት። "ሞክሬ ነው የምሰጥህ" አለኝ።

ሞከረም። ኬብሉን ከሱቁ ኮምፒውተር ወደ ግድግዳው ቲቪ ሰካው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሪሞቱን ነካካ። ቁልጭ ያለ ቪዲዮ መጣ፣ ከነድምፁ። "ይኸው! አየህ?" ስክሪኑ ጥግ ላይ "ዩኤስቢ" የሚል ጽሁፍ ብቅ ብሎ ጠፋ። ልብ ያልኩት ግን ቤት ገብቼ ጥቁር ስክሪን ላይ "ሲግናል የለም" የሚለውን ሳነብ ነው። ለካ ቪዲዮው የሚጫወተው ቲቪው ላይ ከተሰካ ፍላሽ ነበር! ድምፁ ራሱ ያጋልጠው ነበር እኮ። ቪጂኤ ምስል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣ አናሎግ ነው። ኤችዲኤምአይ የ2002 ልጅ ነው፣ ዲጂታል። ሽቦ ብቻውን አንዱን ወደ ሌላው አይቀይርም። የሚቀይረው ቺፕ ነው፤ ቺፑም ኃይል ይፈልጋል። የኔው ኬብል ቺፕም የለው፣ ኃይል መቀበያም የለው። ሻጩ ይህን አጥቶት አይደለም፤ ባያውቅማ ፍላሹን ምን አሰካው?

ይዤው ተመለስኩ። መጀመሪያ "ቲቪህ አይደግፍም" አለ። ቀጥሎ "ድራይቨር ጫን"። ፍላሹ እዚያው እንደተሰካ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። "እሱን ንቀልና አሳየኝ" ስለው ወደ ካሸሯ ዞሮ "ኢንጂነር መጥቶብናል!" አለ። ተሳሳቁ። ከዚያ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ በአገጩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጠቆመኝ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። እኔ እዚያው ቆሜ፣ ከኋላዬ ለገባው ሰው "ምን ልታዘዝ ወንድሜ?" ይለዋል። እንዴት አንጀቴ እንዳረረ!

ቪጂኤ ያላችሁ፣ ኮንቨርተር (ቺፕ ያለው መቀየሪያ) ነው የምትፈልጉት፤ የዩኤስቢ ኃይል መቀበያና የድምፅ ገመድ ያለው። አቅጣጫውንም እዩ፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለው በተቃራኒው አይሰራም። ቲቪያችሁ ጀርባ ላይ "ፒሲ" የተባለ ሰማያዊ መግቢያ ካለ ደግሞ ተራ የቪጂኤ ኬብል ይበቃችኋል። ሲሞክሩላችሁ የኮምፒውተሩን ማውዝ ራሳችሁ ያዙና አንቀሳቅሱት፤ ቀስቷ ቲቪው ላይ ካልተንቀሳቀሰች ላሽ በሉ።