ሲፒ2102፣ ሲኤች340 ወይስ «ኦሪጅናል» ኤፍቲ232? ለኪቦርድ ፈርምዌር የቱን እንግዛ?

«ሲሪያል አዳፕተር የቱን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዛ። ድሬ ላይ ዴቭተርም (ትንሿን ተንቀሳቃሽ የሊኑክስ ኮምፒውተር) የያዘ ሁሉ ኪቦርዱን ሲያበላሽ እኔ ጋ የሚደውል ነው የሚመስለኝ። አቦ፣ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ኪቦርዱ ደህና ከሆነ ፈርምዌሩ (ኪቦርዱን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም) በራሱ ዩኤስቢ ይጫናል፤ ብር አታውጡ። የሲሪያል አዳፕተር (ከላይ ባሉት ቺፖች የሚሠራ፣ ኮምፒውተሩን በዩኤስቢ ከኪቦርዱ ቺፕ ጋር የሚያነጋግር ትንሽ ሰሌዳ) የሚያስፈልገው ኪቦርዱ ላይ የተጫነው ቡትሎደር (አዲስ ፈርምዌር የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ሲሞት ነው።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት «ኤፍቲ232» ነበር፣ በ1,400 ብር። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ወላሂ» አለኝ። የጓደኛዬ ዊንዶውስ ላይ ስሰካው በዳታው ፋንታ «ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይተፋ ጀመር። ያጋለጠው ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ነው። እ.ኤ.አ. በ2014ማ የኤፍቲ232 አምራች ኤፍቲዲአይ ያወጣው ድራይቨር የኮፒዎቹን መለያ ቁጥር ዜሮ እያደረገ ከጥቅም ውጪ አድርጓቸው ነበር። እውነተኛው ቺፕ ምርጥ ነው፣ አልክድም። ግን በምን ታውቁታላችሁ? በዚያ ብር ሁለት ሲፒ2102 ገዝቼ ለሻይ 200 ይተርፈኝ ነበር።

ሲኤች340 ርካሽ ነው፤ 450 ብር ገዛሁት። ጃምፐሩን (የቮልት መምረጫውን) 3.3 ላይ አድርጌ ቲኤክሱን (ዳታ የሚልክበትን እግር) በቴስተር ስለካው 5 ቮልት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለካ ጃምፐሩ የሚቀይረው ቪሲሲውን (የኃይል መስጫውን እግር) ብቻ ነው። የኤስቲኤም32ኤፍ103 (የኪቦርዱ ዋና ቺፕ) የሲሪያል እግሮች 5 ቮልት ይችላሉ። የራስበሪ ፓይ ግን አይችሉም፣ አዳፕተሩ ደግሞ ነገ እዚያ መሰካቱ አይቀርም። በዚያ ላይ የኪቦርዱ ቺፕ ውስጥ ከፋብሪካው የተቀመጠው ሌላኛው ቡትሎደር ኢቭን ፓሪቲ (ስህተት መፈተሻ ቢት) ይፈልጋል፤ የድሮ ሊኑክስ ድራይቨር ለሲኤች340 ፓሪቲ አያውቅም ነበር። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሌሊት የፈጀሁት በዚህ ነው።

ፒኤል2303 የሚባለው ሌላው ቺፕስ? ገመዱ ያምራል። የድሮዎቹን ቺፖች የአምራቹ ድራይቨር ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አይቀበላቸውም። በነጻ ከሰጧችሁ ለሊኑክስ ውሰዱት።

እኔ ሲፒ2102 ነው የምላችሁ። 600 ብር። ቺፑ ራሱ የሚያወጣው 3.3 ቮልት ስለሆነ ጃምፐር የለ፣ ስጋት የለ። ለ150 ብር ልዩነት አትከራከሩ።

ከአዳፕተሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ብየዳው ነው። ሽቦ የሚበየድባቸው የኪቦርዱ ቺፕ የሲሪያል እግሮች፣ ፒኤ9 እና ፒኤ10፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለሞባይል ጠጋኝ ስጡት፤ እኔ 300 ከፍያለሁ። ግራውንዱን አትርሱ። የፋብሪካው ቡትሎደር እንዲነሳ ቡት0 የሚባለውን የቺፑን እግር 3.3 ቮልት ላይ አገናኝታችሁ ሪሴት አድርጉት። መልስ ካልሰጠ ቲኤክስና አርኤክስን (መላኪያና መቀበያውን) አገላብጡ። እኔ እስከዛሬ በመጀመሪያው ሙከራ በትክክል ገጥሜያቸው አላውቅም።