ግምገማው ግሩም፣ ድረ ገጹ ጉድ
ዓይነ ስውር የፊዚዮቴራፒ ተመራማሪ ነኝ። ኮምፒውተር የምጠቀመው ኤንቪዲኤ በሚባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ከስትሮክ በኋላ ስለሚሰጥ የእጅ ልምምድ የሠራሁትን ጥናት የላክሁት አካል ጉዳትና ተሃድሶ ላይ ብቻ ለሚያተኩር ጆርናል ነው።

ገምጋሚዎቹ ጎበዞች ናቸው። አንደኛው «የተለመደው ፊዚዮቴራፒ ተሰጠ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አላሳለፈውም። ማን ሰጠው? የት? ስንት ደቂቃ? በሳምንት ስንቴ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን፣ የተሰጠው ሕክምና በዝርዝር የሚገለጽበትን ታይዲየር የተባለ ባለ 12 ነጥብ መዘርዝር ሙዪ አለኝ። ያደክማል፤ ግን እውነቱን ነው። ክኒን ቢሆን ሚሊግራሙ ይጻፍ ነበር። ልምምድም በዝርዝር ካልተጻፈ ሌላ ባለሙያ ሊደግመው አይችልም። ሌላኛው ደግሞ ስትሮክ ያጋጠማቸው ሰዎች በጥናቱ ዕቅድ ላይ ተሳትፈው እንደሆነ ጠየቀ። ይህን ጥያቄ ሁሉም ጆርናል ቢጠይቅ!

ጉዱ ድረ ገጹ ላይ ነው። ፋይል መጫኛው ጋ ስደርስ አንባቢዬ የሚለኝ «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። «ሮቦት አይደለሁም» የሚለው የሥዕል ፈተና የድምፅ አማራጭ የለውም። ስለ አካል ጉዳት የሚያሳትም ጆርናል እኮ ነው!

የታተመው ፒዲኤፍም ታግ (የገጹን አወቃቀር ለስክሪን አንባቢ የሚጠቁም ስውር ምልክት) ስለሌለው ሁለቱ ዓምዶች ተደበላልቀው ይነበባሉ። የራሴ ሰንጠረዥ ቁጥሮቹ ብቻ ይዘንባሉ፣ የየትኛው ረድፍ እንደሆኑ አይታወቅም። ለአዘጋጆቹ ጻፍኩ። «ለቴክኒክ ክፍሉ አስተላልፈናል» አሉኝ፤ በቃ።

ለግምገማው አምስት ኮከብ፣ ለድረ ገጹ አንድ። በስክሪን አንባቢ የምታነቡ ፒዲኤፉን ተዉትና ኤችቲኤምኤሉን፣ ማለትም እንደ ድረ ገጽ የሚከፈተውን ቅጂ ክፈቱ፤ እዚያ ርዕሶቹም ሰንጠረዦቹም በሥርዓት ይነበባሉ።