ትንፋሽ ወይስ ደም፦ ጠጥቶ በማሽከርከር የተጠረጠረ ሰው ምርመራ በአሜሪካ

በአሜሪካ ጠጥቶ በማሽከርከር ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው የሚመረመረው በአብዛኛው በትንፋሹ ወይም በደሙ ነው። ወንጀል የሚያሰኘው በደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን በዩታ 0.05፣ በሌሎቹ ግዛቶች 0.08 በመቶ ነው። ለከባድ የንግድ ተሽከርካሪዎች ግን ወሰኑ 0.04 በመሆኑ፣ በዚያ አገር የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ቁጥር ሊዘነጉት አይገባም።

የትንፋሽ ምርመራ ውጤት በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ይሁንና መሣሪያው ከሳንባ የወጣውን አየር ለክቶ፣ አንድ ሚሊ ሊትር ደም የያዘው አልኮል በ2100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው በሚል ስሌት ወደ ደም መጠን ይቀይረዋል፤ ምጣኔው ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ተጠርጣሪው ካገሳ ወይም ካስታወከ አፉ ውስጥ የቀረው አልኮል ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ መርማሪው ከምርመራው በፊት ብዙውን ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያህል በትኩረት ሊከታተለው ይገባል። ይህን ክትትል በቸልታ ማለፍ በሰው ነጻነት ላይ መፍረድ ነው።

በደም ምርመራ ናሙናው ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳል፤ በውስጡ ያለው ሶዲየም ፍሎራይድ ደሙ እንዳይብላላ የሚጠብቀው ቱቦው ወዲያው በቀስታ እየተገለባበጠ ሲደባለቅ ነው። ደም አደንዛዥ ዕፅንም ያሳያል፤ የተቀመጠው ናሙናም እንደገና ሊመረመር ስለሚችል፣ ሰው በተጎዳበት አደጋ የደም ምርመራ ይመረጣል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በበርችፊልድ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ከእስር በኋላ ትንፋሽ ያለ ማዘዣ ሊመረመር ሲችል፣ ደም ለመቅዳት ግን በመርህ ደረጃ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል፤ ማዘዣው እስኪደርስም የአልኮሉ መጠን እየቀነሰ ይሄዳል።