ፍራይ0ር፦ ለሰርግ ኤዲተር ይበቃል ወይ?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፦ ይበቃል፣ ቀረጻችሁ 8 ቢት (የቀለም ደረጃዎች ብዛት ልክ) ከሆነ። ፍራይ0ር (ዜሮዋ የስሙ አካል ናት፤ ሠሪዎቹ በ“ኦ” ቦታ ዜሮ መሰካት ይወዳሉ) ራሱን የቻለ ማቀናበሪያ ሳይሆን የኢፌክቶች ስብስብ ነው። ኬደንላይቭና ሾትከት በሚባሉት የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች ውስጥ ከምትመርጧቸው ኢፌክቶች ብዙዎቹ ከእሱ የመጡ ናቸው፤ በትእዛዝ መስመር ቪዲዮ የሚለውጠው ኤፍኤፍኤምፔግም ይጠራዋል። ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ የኔን አሮጌ ላፕቶፕ አያስጨንቅም። ማድመቂያው፣ ማደብዘዣው፣ ለልደት ቪዲዮ ወላጆች አጥብቀው የሚጠይቁት ካርቱን አስመሳዩ ሁሉ አለ።

ሥራ የሚበዛው ቀለም ላይ ነው። ካሜራችን ወይም ስልካችን የሚያስቀምጠው ፋይል ብርሃኑን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ ይይዛል፤ በተለመደው 4:2:0 አቀማመጥ ለአራት ፒክስል አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ነው የሚደርሰው። ፍራይ0ር ይህን አያውቅም። የሚቀበለው በፒክስል 32 ቢት ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ግልጽነት፣ እያንዳንዳቸው 8 ቢት። ስለዚህ በፋይሉና በኢፌክቱ መካከል ሁልጊዜ መለወጫ አለ፤ እሱ ደግሞ የፍራይ0ር ሳይሆን ኢፌክቱን የሚጠራው ሶፍትዌር ነው። ቀለም ሲበላሽ የምጠረጥረው ሦስት ቦታ ነው፦ ፋይሉ ስለራሱ የያዘው መረጃ፣ መለወጫው፣ ኢፌክቱ ራሱ።

ከኢፌክቱ ልጀምር። እያንዳንዱ የፍራይ0ር ኢፌክት ከሦስት የቀለም ቅደም ተከተሎች አንዱን ያስታውቃል፦ ሰማያዊ የሚቀድምበት፣ ቀይ የሚቀድምበት፣ ወይም “ቅደም ተከተሉ አያገባኝም” የሚለው። ምስል ለሚገለብጥ ኢፌክት ሦስተኛው ትክክል ነው፣ ቀለሙን ሳይነካ ፒክስሉን ብቻ ያዛውራልና። ችግሩ አያገባኝም ብሎ አስታውቆ ውስጥ ውስጡን ቀዩን ከሰማያዊው ለይቶ የሚያሰላ ሲገኝ ነው። ጠሪው ሶፍትዌር የፈለገውን ቅደም ተከተል ይሰጠዋል፤ አንዱ ላይ ያማረው ሌላው ላይ ይበላሻል፣ ሰውም ሶፍትዌሩን ይረግማል። ከዋናው ስብስብ ውጭ በሶርስ ኮድ ያገኘሁት አንድ ትንሽ ኢፌክት ከዚህ የሚቀራረብ ስህተት ነበረው፤ የሙሽራዋን ፊት ወደ ሰማያዊ ወሰደው። ኮዱን ስከፍተው ቀይ ይቀድማል ብሎ አስታውቋል፣ ስሌቱ ግን ሰማያዊን አስቀድሞ ያነባል። ማስታወቂያውን ቀይሬ እንደገና ኮምፓይል ሳደርገው (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስለውጠው) ተስተካከለ። ኮዱ ክፍት መሆኑ ለኔ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው እንጂ መፈክሩ አይደለም።

ይህን ዓይነቱን ስህተት ለመለየት ባንዲራችንን የመሰለ መፈተሻ አላየሁም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባ ምስል በኢፌክቱ አሳልፉት። ቀይና ሰማያዊ ቦታ ከተቀያየሩ አረንጓዴው እንዳለ ይቀመጣል፣ ቢጫው የውሃ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀዩ ድፍን ሰማያዊ። ይህን ካያችሁ ካሜራውን ተዉት። ኤፍኤፍኤምፔግ የራሱን የቴሌቪዥን የቀለም አሞሌ ያመነጫል፣ ያም ይሠራል፤ ባንዲራው ግን ያለ ማብራሪያ ለረዳቴ ይገባዋል።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የእኛን ልብስ ነጥሎ ይመታል። ቪዲዮ በአብዛኛው የብርሃን መጠንን ከ16 እስከ 235 ያስቀምጣል፤ ሙሉው ከ0 እስከ 255 ነው። ፋይሉ ሙሉውን ተጠቅሞ ሳለ መለወጫው ጠባቡ ነው ብሎ ከለጠጠው፣ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። በሱፍ ልብስ ላይ ላይታይ ይችላል። ነጠላ ላይ ግን እጥፋቱ ይጠፋል፣ የሸማው ክር ይጠፋል፣ እናትየው ነጭ ወረቀት የለበሱ ይመስላሉ። በተገላቢጦሽ ሲሆን ደግሞ ሁሉም አመድ ይለብሳል። ይህ በፍራይ0ር የሚሳበብ አይደለም። ኤፍኤፍኤምፔግን ዝርዝር እንዲናገር በቨርቦዝ ካስነሳችሁት በመሃል ራሱ የሰካውን መለወጫ፣ ከየትኛው ፎርማት ወደየትኛው እንደሄደ ጭምር ይጽፈዋል። ፋይሉ የብርሃን መጠኑ ጠባቡ ነው ወይስ ሙሉው እንደሚል ደግሞ ኤፍኤፍፕሮብ፣ የፋይል መረጃ የሚያነበው የኤፍኤፍኤምፔግ ጓደኛ፣ ያሳያል። የ601 እና የ709 ስሌት (ብርሃንና ቀለምን ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚለውጡ ሁለት ደንቦች) መምታታትም አለ፤ ጥበቡ ላይ ያለውን ቀይና አረንጓዴ ትንሽ ያዛንፋል፣ ደንበኛ ግን አያስተውለውም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። 8 ቢት ማለት በአንድ ቀለም 256 ደረጃ ነው፤ 10 ቢት ካሜራ 1024 ይሰጣል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር በምሽት የተቀረጸ ሰማይ በፍራይ0ር አልፎ ቀለሙ ሲጎተት እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። ይህ ባግ አይደለም፣ አሠራሩ ነው። መመሪያውም ወርድና ቁመቱ ለ8 የሚካፈል፣ ከ2048 የማይበልጥ ይሁን ይላል፤ 1920 በ1080 ያልፋል፣ 3840 በ2160 ከዚህ ልክ ውጭ ነው። ለዚህ እኔ ተራውን እቀይራለሁ፦ ቀለም የማርመው አስቀድሜ ነው፣ 10 ቢት በሚቀበሉት በኤፍኤፍኤምፔግ የራሱ ከርቭስና ላት ማጣሪያዎች። ኢፌክቱ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ለዩቲዩብና ለቴሌግራም ወደ 8 ቢት ልወርድ ስል።

ሰነዱም ደካማ ነው። ቁጥር የሚቀበሉ ማስተካከያዎች ከ0 እስከ 1 ሆነው ሳለ 0.3 ምን ያህል ብዥታ እንደሆነ የሚነግር የለም፤ በኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ በስም ሳይሆን በተራቸው ነው የሚሰጡት። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። ዋጋ ቢጠየቅበት ሦስት እሰጠው ነበር። ኡቡንቱ ላይ ለመጫን በፓኬጅ ማውጫው ውስጥ ፍራይ0ር ፕለጊንስ (frei0r-plugins) ብላችሁ ፈልጉ፤ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል።