መቀነቴን ያስፈታኝ የኤርፖርት ፍተሻ

ደብረ ብርሃን የመንዝ ባና እና በርኖስ እነግዳለሁ። ሩቅ ያሉ ደንበኞቼ ዱቤያቸውን በእጅ ስለሚከፍሉኝ በዓመት ሁለት ሦስቴ በአገር ውስጥ በረራ እመላለሳለሁ። ዘንድሮ ከአንድ ኤርፖርት ሁለት ጊዜ ገንዘብ ይዤ ስመለስ ተፈትሻለሁ። ስሙን አልጠራም።

የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ባንክ ተዘግቷል። 160,000 ብር፣ ባለ 200 ስምንት እስር፣ እናቴ እንዳስለመደችኝ መቀነቴ ውስጥ ጠቅልዬ ታጠቅሁ። የብረት መፈተሻው በር ዝም አለ። የፈታሿ እጅ ግን ወገቤ ላይ ቆመ። «ምንድን ነው? ፍቺው!» አለችኝ፣ እናቷ የምሆነውን ሴት፣ እዚያው ሰልፉ ፊት። ፈታሁት። እስሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ «ስንት ነው?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ የቆመው ሁሉ አየ፣ ሰማ። ሴት መቀነቷን በሰው ፊት ስትፈታ ምን እንደሚሰማት ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ይሄን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ፍርሃቱ ደግሞ ኋላ መጣ። አዲስ አበባ ወርጄ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃን ስሳፈር፣ ኤርፖርቱ ሰልፍ ላይ የነበረ አንድ ሰው ተከትሎኝ የገባ መሰለኝ። ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን እስክናልፍ እጄን ከሆዴ አላነሳሁም። 130 ኪሎ ሜትሩ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ሁለተኛው በጥቅምት ነው። ፈታሿ ልጅ እግር ናት። እጇ መቀነቴን ሲነካ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «እማማ፣ ገንዘብ ነው? ወደ ውስጥ እንግባ» አለችኝ። ለካ መጋረጃ ያለው ክፍል አለ! አንዲት ባልደረባዋን ጠራች፤ መቀነቱን እኔው ፈታሁ፤ እስሮቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ በመካከላቸው ሌላ ነገር አለመኖሩን አየች። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ስንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። እግዜር ይስጣት።

መፈተሹን አልቃወምም፣ በዚያ አውሮፕላን የምሳፈረው እኔም ነኝ። የሚቆጨኝ ክፍሉ ያኔም እዚያው መኖሩ ነው።

ቦርሳ ውስጥ ብታደርጉትም አይደበቅም፤ ወረቀት ኤክስሬዩ ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ስለሚታይ የታሰረ ብር እንደ ጡብ ጎልቶ ይወጣል፣ ያስከፍቷችኋል። እጅ ሳይነካችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ «ገንዘብ ይዣለሁ፣ ለብቻ ፈትሹኝ» በሉ። ሕንፃው መግቢያ ላይም፣ መሳፈሪያው ጋ ስትደርሱም ስለሚፈትሹ ሁለቱም ቦታ በሉት።